ያንን የ15 ሜትር አናት አትሰርዢው

አምስት ኪሎ በሲቪል ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ አንዲት ተማሪ እንዲህ ስትል ጠይቃኛለች።

«ጋሼ፣ ውጭ ያለው አማካሪዬ የአንድ የማዕበል ገንዳ ሙከራ ዳታ ላከልኝ። ባሕር ላይ የሚቆም ፕላትፎርም ሞዴል ነው፣ 1 ለ50 ተደርጎ የተሠራ። በእውነተኛው ልክ ሲታሰብ ጥልቀቱ 70 ሜትር፣ ጉልህ የማዕበል ቁመቱ 12 ሜትር፣ አማካይ ፔሬዱ 12.5 ሰከንድ ነው። ማዕበሉ የቆየው 3 ሰዓት ነው። በሬይሊ ስርጭት ሳሰላው ትልቁ የማዕበል አናት 11.2 ሜትር አካባቢ መሆን ነበረበት። ዳታው ላይ ግን 15 ሜትር የደረሰ አንድ አናት አለ። ስህተት ነው ብዬ ላውጣው? ካላወጣሁትስ የትኛውን ስርጭት ልጠቀም? ጓደኞቼ ደግሞ ባሕር ለሌላት ሀገር ይሄ ምን ያደርግልሻል ይሉኛል።»

ለነገሩ አዲስ ለሆነ አንባቢ፦ አናት ማዕበሉ ከረጋው ውኃ በላይ የሚደርስበት ጫፍ ነው። ጉልህ ቁመት በግርድፉ የትልልቆቹ ማዕበሎች ሲሶ አማካይ ቁመት ነው። ፔሬድ አንድ ማዕበል ለማለፍ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። የሬይሊ ስርጭት ደግሞ አንድ ከፍታ ምን ያህል ጊዜ እንደሚታለፍ የሚያሰላ ቀመር ነው። መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። አትሰርዢው። ዛሬውኑ ዲዛይን ውስጥም አታስገቢው። አንድ ሙከራ ላይ የታየ አንድ ትልቅ አናት ብቻውን ሆኖ የትኛውንም ስርጭት አያፈርስም፣ የትኛውንም አያጸናም። ግን ሊሰማ የሚገባው ምስክር ነው።

ነገሩን ከልቤ የማየው ያለ ምክንያት አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት ውጭ ሀገር አንድ የማዕበል ላብራቶሪ ውስጥ በጀማሪነት እሠራ ነበር። የማዕበል መለኪያችን ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ነበሩ። ውኃው ሽቦዎቹ ላይ ከፍ ሲል በመካከላቸው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይጨምራል። ዝቅ ሲል ይቀንሳል። የውኃው ከፍታ የሚሰላው ከዚያ ነው። በአንዱ ሙከራ ሽቦዎቹ ከሚገባቸው በታች ዝቅ ብለው ታስረው ነበር። ትልቁ ማዕበል ሲመጣ ውኃው ከሽቦው ጫፍ በላይ አለፈ። መዝገቡ ላይ የቀረው አናት ጫፉ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ነበር። ተከታታይ ስምንት ንባቦች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር። ዳታውን የሚያጸዳው ባልደረባችን «የኤሌክትሪክ ጫጫታ ነው» ብሎ አወጣው። በሰንጠረዡ ላይ ሁለተኛው ትልቅ አናት አንደኛ ሆኖ ገባ።

ያን ቀን ማታ ሞዴሉን ለመፍታት ገንዳው ውስጥ ገባሁ። የመድረኩን የታችኛውን ገጽ በእጄ ስዳስሰው እርጥብ ነው። ከእንጨቱ ሥር የውኃ ጠብታዎች ተንጠልጥለዋል። በሰንጠረዡ መሠረት ግን ውኃ እዚያ ድረስ ሊወጣ አይችልም። ጠብታዎቹን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። ሙከራው እንደገና ተሠራ፣ ሽቦዎቹም ከፍ ብለው ታሰሩ። አናቱ እውነት ነበር። ከዚያ ወዲህ «ይሄ ቁጥር በዛ» ተብሎ ብቻ አናት ሲሰረዝ ዝም ማለት አልችልም።

አንቺ ገንዳው አጠገብ አይደለሽም። ግን ዳታው ራሱ ብዙ ይነግርሻል። መጀመሪያ ያንን አናት ብቻ አጉልተሽ ተመልከቺው። በሞዴሉ ልክ 30 ሴንቲሜትር ነው። ጊዜው ደግሞ በ50 ካሬ ሥር፣ ማለትም በ7.07 ይካፈላል። ስለዚህ 3 ሰዓቱ ገንዳው ውስጥ 25 ደቂቃ ተኩል ነው። የ12.5 ሰከንዱ ማዕበል 1.77 ሰከንድ ይሆናል። መሣሪያው በሰከንድ 100 ጊዜ የሚያነብ ከሆነ አንዱ ማዕበል ላይ 177 ነጥብ ይኖርሻል። ጤነኛ አናት ነጥብ በነጥብ ይወጣል፣ ይጎብጣል፣ ይወርዳል። አንዲት ነጥብ ብቻዋን ዘላ ከወጣች ፍንጥቅጣቂ ወይም የኤሌክትሪክ ችግር ነው። ጫፉ ጠፍጣፋ ከሆነ የእኔ ታሪክ ነው። እንዲያውም እውነተኛው አናት ከ15 ሜትርም ይበልጣል ማለት ነው።

በሰከንድ 10 ጊዜ ብቻ የተነበበ ዳታ ከሆነስ? ያኔ ጫፉ በሁለት ንባቦች መሃል ሊያመልጥሽ ይችላል። በለስላሳ ሳይን ማዕበል ላይ ይሄ እስከ 1.6 በመቶ ይደርሳል፣ ከ15 ሜትር ላይ ወደ 24 ሴንቲሜትር። ሹል አናት ላይ ከዚያም ይብሳል።

ቀጥሎ የጎረቤት ሽቦዎችን ጠይቂ። ገንዳ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ መለኪያ ብቻ አይቆምም። ያንቺ ማዕበል በሞዴሉ ልክ በሰከንድ 2.64 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንድ ሜትር ወደ ማዕበል ማመንጫው ቀርቦ የቆመ ሽቦ ካለ፣ ያው አናት ከ0.38 ሰከንድ በፊት እዚያ መታየት አለበት። ቁመቱ ሊለያይ ይችላል። ጭራሽ ካልታየ ግን ጥርጣሬሽ ልክ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ማረጋገጫ ግን ያንኑ ሲግናል ደግሞ ማስነሳት ነው። ገንዳ ታማኝ ነው። ያንኑ ትእዛዝ ስትሰጪው ያንኑ ማዕበል ይመልስልሻል። አናቱ በሁለተኛውም በዚያው ሰከንድ ከመጣ ውኃ ነው፣ ሌላ ክርክር የለም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ደግሞ አለ። «12 ሜትር» የታዘዘው ቁጥር ነው ወይስ የተለካው? መዝገቡን ወስደሽ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን አስሊና በ4 አባዢው። ጉልህ ቁመት የሚባለው ያ ነው። ገንዳው 12 ታዝዞ 12.5 ሰጥቶ ከሆነ፣ 15 ሜትሩ ከጉልህ ቁመቱ 1.25 እጥፍ መሆኑ ይቀርና 1.2 እጥፍ ይሆናል። ትንሽ ትመስላለች። ቆይተን ስንቆጥረው ግን የአናቱ ብርቅነት በግማሽ ይወርዳል። ዜሮውንም አትርሺ። ሙከራው ሳይጀመር የረጋው ውኃ ከፍታ በ2 ሚሊሜትር ተዛንፎ ከተመዘገበ፣ በእውነተኛው ልክ 10 ሴንቲሜትር ነው።

አናቱ ይህን ሁሉ አለፈ እንበል። እኔ ያልፋል ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ሎርድ ሬይሊ ያንን ስርጭት እ.ኤ.አ. በ1880 ሲያወጣ ስለ ባሕር አልነበረም የሚያስበው። ብዙ የድምፅ ንዝረቶች ያለ ቅደም ተከተል ሲደመሩ ድምሩ ምን ያህል ይጎላል የሚለውን ነበር የሚያሰላው። ወደ ባሕር ያመጣው ሎንጌ-ሂጊንስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1952። ሐሳቡ ያምራል። ባሕሩን የብዙ ትናንሽ ማዕበሎች ድምር አድርገሽ ታስቢዋለሽ። እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ይሄዳል፣ አንዱ ሌላውን አይነካም። ያኔ አንድ አናት ከአንድ ከፍታ የመብለጥ ዕድሉ በቀላሉ ይወጣል። ከፍታውን ለጉልህ ቁመቱ አካፍዪ፣ ውጤቱን በራሱ አባዢ፣ ከዚያ በ8። የመቀነስ ምልክት አድርጊበትና የኤክስፖኔንሻል ፓወር አድርጊው። አለቀ።

ችግሩ «አንዱ ሌላውን አይነካም» የምትለው ላይ ነው። በዚያ ሐሳብ ውስጥ አናትና ጎድጓዳ እንደ መስታወት ምስል ናቸው። አናቱ የሚወጣውን ያህል ጎድጓዳው ይወርዳል። እውነተኛ ማዕበል እንደዚያ አይደለም። አናቱ ጠባብና ሹል ነው፣ ጎድጓዳው ሰፊና ገር ነው። ስቶክስ ይህን እ.ኤ.አ. በ1847 አሳይቷል። ማዕበሉ ቁልቁለት በጨመረ ቁጥር በእጥፍ ድግግሞሽ የሚነሳና የሚወርድ ትንሽ ማዕበል ከትልቁ ጋር ተጣብቆ ይሄዳል። አናት ላይ ይደመራል፣ ጎድጓዳ ላይም ይደመርና ጎድጓዳውን ከፍ ያደርገዋል።

ባንቺ ቁጥሮች እንየው። ያንቺ ማዕበል ርዝመቱ 233 ሜትር ገደማ ነው። የሬይሊን 11.2 ሜትር አናት ወስደሽ በጥልቅ ውኃ የስቶክስ ቀመር ብታሰይው ያ ተጣባቂ ማዕበል ብቻውን ወደ 1.7 ሜትር ይጨምርልሻል። ሙሉው ግን አይገኝም። ትላልቅ ማዕበሎች በቡድን ሲመጡ ከሥራቸው ያለውን አማካይ የውኃ ወለል ትንሽ ዝቅ ያደርጉታል። ያም ሆኖ ከአንድ ሜትር በላይ ይቀራል። የፕላትፎርም ወለል ላይ አንድ ሜትር ውኃ ቀላል ነገር አይደለም።

ለዚህ ነው ዛሬ ሰው ሁሉ መነሻ የሚያደርገው ፎሪስታል እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣውን ስርጭት። እሱ ይህን የተጣባቂ ማዕበል ፊዚክስ፣ ሁለተኛ ደረጃ (ሰከንድ ኦርደር) የሚባለውን፣ በኮምፒውተር አስኪዶ፣ የወጡትን አናቶች ዌይቡል በሚባል የስርጭት ቀመር ገጠማቸው። ሁለት ቁጥሮች ብቻ ያስፈልጉሻል። አንደኛው የማዕበሉ ቁልቁለት ነው። 2 ፓይን በጉልህ ቁመቱ አባዝተሽ፣ ለስበት ፍጥነትና ለፔሬዱ ካሬ ብዜት ታካፍይዋለሽ። ላንቺ 0.049 ይመጣል። ሁለተኛው የኡርሰል ቁጥር ነው፣ የውኃው ጥልቀት ማነስ ምን ያህል እንደሚሰማው የሚናገር። ላንቺ 0.048 ነው። ገንዳሽ ውስጥ ሁሉም ማዕበል ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ የአንድ አቅጣጫውን ቀመር ውሰጂ። የመጠን መለኪያው 0.373፣ የቅርጽ መለኪያው 1.894 ይሆናል። በሬይሊ እነዚሁ ሁለት ቁጥሮች 0.354 እና 2 ናቸው።

ልዩነቷ ኢምንት ትመስላለች አይደል? መካከለኛ አናቶች ላይ አዎ፣ ልዩነቱ አያስጨንቅም። ጭራው ላይ፣ ማለትም ብርቅ የሆኑት ትላልቅ አናቶች ጋ፣ ግን ሌላ ነው። በ3 ሰዓት ውስጥ፣ ለስሌት እንዲመች፣ 1000 ያህል ማዕበል ይመጣል እንበል። ከሁሉም ይልቅ ይሆናል ተብሎ የሚጠበቀው ትልቁ አናት በሬይሊ 11.2 ሜትር ነበር። በፎሪስታል 12.4 ሜትር ነው። አሁን ያንቺን 15 ሜትር እንጠይቅ። በሬይሊ እንዲህ ያለ አናት ከ268,000 ማዕበሎች አንዱ ነው። የ3 ሰዓቱን ሙከራ 270 ጊዜ ብትደጋግሚው አንድ ጊዜ ይታያል። በፎሪስታል ከ20,000 ማዕበሎች አንዱ ነው፣ ማለትም ከ20 ሙከራ በአንዱ ይመጣል። የተለካው ጉልህ ቁመት 12.5 ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ከ9 ሙከራ በአንዱ።

ከ270 አንዱና ከ20 አንዱ። አናቱ ያው ነው፣ የተለወጠው የምንመዝንበት ሚዛን ነው። ከ20 አንዴ የሚመጣ ነገር ሲያጋጥምሽ «ስህተት ነው» አትዪም። «ዕጣ ወጣብኝ» ነው የምትዪው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የብዙ ተማሪ ስህተት ያለው እዚህ ነው። 12.4 ሜትር የሚለው ቁጥር ጣሪያ አይደለም። የ3 ሰዓቱ ትልቁ አናት ራሱ በዕጣ የሚለዋወጥ ቁጥር ነው። ያንኑ ባሕር፣ ያንኑ ጉልህ ቁመት፣ ያንኑ ፔሬድ ይዘሽ የማዕበሎቹን አነሳስ ብቻ ብትቀያይሪ ትልቁ አናት በየጊዜው ይለያያል። ባንቺ ሁኔታ ከ10 ሙከራ 8ቱ ላይ ከ11.6 እስከ 14.4 ሜትር መካከል ይወድቃል። ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ስፋት! ስለዚህ አንድ ሙከራ ላይ 11.6 ያየ ሰው «ሬይሊ በቂ ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ 15 ያየ ሰው ደግሞ «ፎሪስታልም አልበቃም» ብሎ ቢጽፍ ሁለቱም ተሳስተዋል። ሁለቱም አንድ ዕጣ ነው ያወጡት።

አሁን የገንዳውን ጠባይ ጨምሪበት። ጠባብ ገንዳ ውስጥ ሁሉም ማዕበል በአንድ መስመር ተሰልፎ ነው የሚሄደው። እንዲህ ሲሆን አንዱ ማዕበል ከጎረቤቶቹ ጉልበት እየሳበ ሊያድግ ይችላል። ቤንጃሚንና ፌር ይህን እ.ኤ.አ. በ1967 አሳይተዋል። የሚሆነውም ውኃው ከማዕበሉ አንጻር በቂ ጥልቀት ሲኖረው ነው። ጥልቀቱን በ2 ፓይ አባዝተሽ ለማዕበሉ ርዝመት ስታካፍይው ከ1.36 መብለጥ አለበት። ያንቺ 1.89 ነው፣ ስለዚህ በሩ ክፍት ነው። ሁለተኛ ደረጃው የፎሪስታል ቀመር ይህን አይይዝም። መለኪያሽ ከማመንጫው ርቆ የቆመ ከሆነ ማዕበሉ ለማደግ ሰፊ ጊዜ አግኝቷል። እውነተኛ ባሕር ላይ ግን ማዕበል ከብዙ አቅጣጫ ስለሚመጣ ይህ ጠባይ በጣም ይዳከማል። በሌላ በኩል ደግሞ አናት በጣም ሲሾል ይሰበርና ከፍታው ይገታል። ስለዚህ ከገንዳ የወጣ ጭራ አንዳንዴ ከባሕሩ ይወፍራል፣ አንዳንዴ ጫፉ ላይ ይታጠፋል። አማካሪሽን ሁለት ነገር ጠይቂው። ገንዳው ጠባብ ነው ወይስ ሰፊ? መለኪያው ከማመንጫው ስንት ሜትር ይርቃል?

ስለ አቅጣጫ ካነሳሁ አይቀር የድራውፕነርን ነገር ላንሳ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ የ1995 አዲስ ዓመት ቀን፣ በሰሜን ባሕር የኖርዌይ ክፍል ያለው የድራውፕነር ፕላትፎርም ላይ ቁልቁል ወደ ውኃው የተተከለ ሌዘር አንድ ማዕበል መዘገበ። ጉልህ ቁመቱ ወደ 12 ሜትር ነበር። ጥልቀቱም እንዳንቺው 70 ሜትር። የዚያ ማዕበል አናት ግን 18.5 ሜትር ነበር፣ ከአናት እስከ ጎድጓዳ 25.6 ሜትር። ባንቺ ቁጥሮች ላይ ብናስቀምጠው በሬይሊ ከ180 ሚሊዮን ማዕበል አንዱ ይሆናል። በፎሪስታል ከ2.5 ሚሊዮን አንዱ። ያኔም «የመሣሪያ ስህተት ይሆን?» የሚል ጥያቄ ነበር። ከዋናው ወለል በታች ባለ ጊዜያዊ መድረክ ላይ የደረሰው መጠነኛ ጉዳት ግን ውኃው በእርግጥ እዚያ መድረሱን መሰከረ። እኔ ገንዳ ውስጥ በእጄ የነካኋቸውን ጠብታዎች ሁልጊዜ የሚያስታውሰኝ ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ያንን ማዕበል ኤድንብራ በሚገኘው 25 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ገንዳ ውስጥ መልሰው ሠሩት። የተሳካው ሁለት የማዕበል ቡድኖች በ120 ዲግሪ ሲሻገሩ ነው። በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ማዕበል ሲሰበር ወደ ፊት ይደፋል፣ አናቱም እዚያው ያበቃል። በሰፊ ማዕዘን የተሻገሩት ግን ሲሰበሩ ውኃውን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይወረውሩታል። ይህን ለማየት ኤድንብራ መሄድ አያስፈልግሽም። ባለፈው ዝናቡ ካባራ በኋላ አራት ኪሎ ሐውልቱ አካባቢ መንገድ ለመሻገር ቆሜ ነበር። አስፋልቱ ዳር ውኃ አቁሯል። ሁለት ሚኒባሶች ከሁለት በኩል ገቡበት። የሁለቱ ጎማ የገፋው ውኃ መሃል ላይ ተጋጠመና ከሁለቱም ከፍታ በላይ ቀጥ ብሎ ተተኮሰ። አጠገቤ የነበሩት እናት ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ አሉ። እኔ ግን ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም፣ ደግሞ እንዲሆን ነበር የምጠብቀው።

ጓደኞችሽ ያሉትን በአጭሩ ልመልስ። ባሕር የለንም፣ ውኃ ግን አለን። የዓባይ ግድባችን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ሐይቅ ከኋላው አለው። በእንዲህ ያለ ሐይቅ ላይ ነፋስ ረጅም ርቀት እየገፋ ማዕበል ያነሳል። ከውኃው ወለል እስከ ግድብ ጫፍ ምን ያህል ይተው የሚለው ጥያቄ የአናት ስርጭት ጥያቄ ነው። እዚሁ ከተማችን ውስጥ የጎርፍ ቱቦ ስፋት የሚወሰነውም በዝናቡ ጭራ ነው እንጂ በአማካዩ አይደለም። ጭራ ማንበብ የተማረ ኢንጂነር የትም ይፈለጋል።

ወደ ሥራሽ ልመለስ። ከቻልሽ አማካሪሽ ሙከራውን በተለያዩ ሲዶች እንዲያስደግም ጠይቂው። ሲድ ማለት ያው ባሕር ሆኖ የማዕበሎቹ አነሳስ በዕጣ የተቀየረበት ማለት ነው። ሃያ ሲድ ጥሩ ነው። በገንዳው ሰዓት 8 ሰዓት ተኩል ይወስዳል፣ በየመሃሉ ውኃው እስኪረጋ የሚጠበቀው ሳይቆጠር። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን 20,000 አናት ይሰጥሻል። ያኔ ከ20,000 አንዱ ያልነውን በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

ሁሉንም አናቶች በየራሳቸው ሙከራ ለተለካው ጉልህ ቁመት አካፍያቸው። ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሪያቸው። የእያንዳንዱ የመብለጥ ዕድል ተራ ቁጥሩ፣ ጠቅላላው ብዛት ላይ አንድ ተደምሮ ለሚገኘው ሲካፈል ነው። ዕድሉን በሎጋሪዝም ወደ ላይ፣ ከፍታውን ወደ ጎን አስቀምጪ። ሬይሊንና ፎሪስታልን እዚያው ላይ መስመር አድርጊያቸው። ዋናው ነገር የእርግጠኝነት ባንዱን (ነጥቦቹ በዕጣ ብቻ የሚዋዥቁበትን ወሰን) መጨመር ነው። ላፕቶፕሽ ላይ ከፎሪስታል 20,000 አናት በዕጣ አውጪ፣ ደርድሪ፣ ይህንኑ 1000 ጊዜ ድገሚ። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ነጥቦች ምን ያህል እንደሚዋዥቁ ታያለሽ። ያንቺ ነጥቦች ባንዱ ውስጥ ከሆኑ ፎሪስታል በቂ ነው። ከ1000 አንዱ አካባቢ ጀምረው በተከታታይ ከባንዱ በላይ ከሄዱ ያ የአንድ አቅጣጫ ገንዳው ጠባይ ነው። ያንን በግልጽ ጻፊው።

አንድ ነገር አደራ። የአንድ ሙከራ አናቶችን ሁሉ ሰብስበሽ የዌይቡል መለኪያዎችን ከዚያ አታውጪ። ሶፍትዌሩ በደስታ ያወጣልሻል። ግን ውጤቱን የሚወስኑት በመቶ የሚቆጠሩት ትናንሽ አናቶች ናቸው፣ እነሱ ስለ ጭራው አንዳች አያውቁም። ከመረጃው ውጭ የተዘረጋ መስመር ሲያምር አይቼ የተታለልኩበት ጊዜ አለ።

ተጨማሪ ሙከራ አይቻልም ካሉሽስ? የሁለተኛ ደረጃ ሲሙሌሽን ራስሽ ሥሪ። ጥቂት ሺህ የ3 ሰዓት ባሕሮች አንድ ሌሊት አይፈጁም። የእያንዳንዱን ትልቁን አናት ያዢና 15 ሜትሩ ስንተኛ ፐርሰንታይል ላይ እንደሚወድቅ፣ ማለትም ከ100 ባሕሮች የስንቱን ትልቅ አናት እንደሚበልጥ፣ እዪ። ወደ 95 አካባቢ ይወጣልሻል ብዬ እጠብቃለሁ። ያ ቁጥር ለአማካሪሽ «ላውጣው?» ከሚለው ጥያቄ የበለጠ ይናገራል።

ለዲዛይን የሚሆነውን ከፍታ ስትመርጪ ደግሞ ከ12.4 አትነሺ። ያ እኮ ከግማሽ በላይ ጊዜ የሚታለፍ ቁጥር ነው። ብዙዎች የ3 ሰዓቱን ትልቅ አናት ወደ 90 በመቶ የሚጠጋ ፐርሰንታይል ይወስዳሉ፣ ላንቺ 14.4 ሜትር ነው። የኖርዌይ ደንብ በዓመት ከ100 አንድና ከ10,000 አንድ የመከሰት ዕድል ያላቸውን ሁኔታዎች ለየብቻ እንዲታዩ ይጠይቃል። ከዚያ ላይ ሌላ ነገር አለ። ሽቦሽ የሚለካው አንድ ነጥብ ነው፣ የፕላትፎርሙ ወለል ግን ሰፊ ነው። ከወለሉ ሥር ካለው ቦታ ሁሉ የትኛውም ጋ የሚነሳው ትልቁ አናት በአንድ ነጥብ ከሚለካው ይበልጣል። ከወለሉ ሥር የሚተወው የአየር ክፍተት ምን ያህል ውድ እንደሆነ ለማወቅ ኤኮፊስክን፣ በሰሜን ባሕር ያለውን የኖርዌይ የነዳጅ መስክ፣ ማየት ይበቃል። የባሕሩ ወለል ከሥራቸው ስለሰመጠ እ.ኤ.አ. በ1987 ፕላትፎርሞቹን በጃክ 6 ሜትር ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ለአማካሪሽ ስትጽፊ ጥሬውን መዝገብ ጠይቂ፣ የተጣራውን አይደለም። የሁሉንም ሽቦዎች፣ የረጋውን ውኃ ንባብና የሽቦዎቹን የላይኛ ጫፍ ከፍታ ጭምር። የሽቦው ጫፍ ከረጋው ውኃ በላይ 30 ሴንቲሜትር ላይ ከሆነ ወዲያው ደውዪልኝ። ያኔ ያንቺ 15 ሜትር የማዕበሉ ቁመት ላይሆን ይችላል፣ የሽቦው እንጂ።